ለአርዕስት የሚውል ወፍራምና ጠባብ ባለሴሪፍ ፎንት፦ በጋራ ረቂቃችን ላይ የዕቅድ ውይይት

ሰብሳቢ፦ የተከበራችሁ አባላት፣ ረቂቁ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ለኅትመት ከእንጨት ይቀረጹ በነበሩ ፊደላት መንፈስ የተቃኘ፣ የላቲንንና የግእዝን ፊደላት አጣምሮ የያዘ፣ ለፖስተርና ለመጽሐፍ ሽፋን የሚውል ወፍራም፣ ጠባብና ባለሴሪፍ (በመስመሮቹ ጫፍ ላይ አጭር ጭረት ያለው) ፎንት፣ ማለትም የፊደላት ንድፍ፣ በማኅበራችን ስም እንዲሠራ ይጠይቃል። ማሻሻያችሁን ከነምክንያቱ እንድትጽፉልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

የላቲን ክፍል አባል፦ ሐሳቡን ሙሉ በሙሉ እደግፋለሁ። እ.ኤ.አ. በ1827 አሜሪካዊው አታሚ ዳርየስ ዌልስ እንጨት የሚፈለፍል ማሽን ለፊደል ሥራ ካዋለ በኋላ፣ ግዙፍ ፊደል ከብረት ይልቅ በቀላልና በርካሽ እንጨት መቅረጽ ስለተቻለ፣ ረጅም ቃል በጠባብ ወረቀት ላይ ከሩቅ እንዲነበብ የሚያደርጉ ጠባብና ረጃጅም ቅርጾች ተበራከቱ። የእኛም ፎንት ጠባብነቱን ከንድፉ እንጂ ሰፊ ፊደልን በኮምፒውተር ከጎንና ከጎን በመጫን እንዳያገኝ በሰነዱ ይጻፍ፤ የተጫነ ፊደል ቋሚ መስመሮቹ ሲሳሱ አግድሞቹ እንደነበሩ ይቀራሉና። የሁለቱ ፊደላት ዝምድና እንዲታወቅም በላቲኑ እግር ግርጌ ያለው ወፍራም ሴሪፍ በግእዙ ላይ ይደገም እላለሁ።

የግእዝ ክፍል አባል፦ በመጀመሪያው ነጥብ ከእርስዎ ጋር እስማማለሁ፤ ሁለተኛውን ግን መቀበል እቸገራለሁ። በግእዝ ፊደል የእግር ግርጌ ለብዙ ሆሄያት አናባቢው የሚለይበት ቦታ ነው። በ«በ» ቀኝ እግር ላይ ወደ ውጭ የወጣ ሴሪፍ ብንጨምር አንባቢው «ቢ» ብሎ ያነበዋል፤ የ«ቤ» ቀለበትም ከመስመሩ ውፍረት የተነሣ ውስጡ ከተደፈነ ከዚያው ከ«ቢ» ጋር ይምታታል። እንደ «ሐ» እና «ጠ» ያሉት ባለሦስት እግሮችም ከሌሎቹ እኩል እንዲጠቡ ከተገደዱ በእግሮቻቸው መካከል ያለው ነጭ ቦታ ስለሚጠፋ፣ ሰፋ ብለው እንዲነደፉ ሊፈቀድላቸው ይገባል። ዝምድናው በቋሚ መስመሮቹ ውፍረትና በላይኛው ጫፋቸው አቆራረጥ ቢገለጽ በቂ ነው፤ ፖስተር የሚያማምር ሆኖ ቃሉ በስሕተት የሚነበብ ከሆነ እኔ በበኩሌ ፈጽሞ ልስማማበት አልችልም።

የላቲን ክፍል አባል፦ ማብራሪያዎ አሳምኖኛል፤ የሴሪፉን ሐሳብ አንስቻለሁ።

የኅትመት ክፍል አባል፦ ፎንቱ ለረጅም ጽሑፍ እንደማይሆን በግልጽ ይነገር፤ ፈቃዱም ማንም ሰው ያለ ክፍያ ሊጠቀምበትና ሊያሻሽለው የሚችል ክፍት ፈቃድ ይሁን።

ሰብሳቢ፦ ሁሉንም ተቀብያለሁ። የተሻሻለው አንቀጽ «የግእዙ እግር ግርጌ ከሴሪፍ ነፃ ይሆናል፤ የቀለበቶቹ ውስጥ ክፍት ሆኖ ይነደፋል፤ የባለሦስት እግር ሆሄያት ስፋት በተለየ ይወሰናል» ይላል። የግእዝ ክፍል «ሊ» እና «ሌ»ን፣ «ቢ» እና «ቤ»ን፣ «ጢ» እና «ጤ»ን ጎን ለጎን የያዘ የሙከራ ገጽ በትልቅም በአነስተኛም መጠን አትሞ ከሰነዱ ጋር እንዲያያይዝ ኃላፊነቱን ሰጥቻለሁ።