ፓስታ በልቼ የስቴክ ከፈልኩ፤ ለሚቀጥለውስ ምን ልበል?

ቆንቋናዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ስሙን ሌላ ሰው ከሚያወጣልኝ ብዬ ራሴ አወጣሁት።

ባለፈው ዓርብ የግቢ ጓደኛችን ልደት ነበር። ስድስት ሴቶች ነን። ቦሌ፣ አንድ ሆቴል አናት ላይ ያለ ሬስቶራንት ሄድን፤ ናፕኪን ጭንሽ ላይ የሚዘረጉልሽ ዓይነት። በመስኮቱ የኤርፖርቱ መብራት ይታያል። ቆንጆ ቤት ነው፣ አልዋሽም።

እኔ ጾመኛ ነኝ። ሜኑው ስምንት ገጽ ነው፤ የጾም ምግቡ ግን ግማሽ ገጽ አይሞላም። የእንጉዳይ ሾርባ አዘዝኩ። አስተናጋጁ ኩሽና ደርሶ መጣና ጎንበስ ብሎ «እህቴ፣ ክሬም አለበት» አለኝ። ይባረክ። ስለዚህ ፓስታ በቲማቲም 780፣ አምቦ ውሃ 150። ሌሎቹ ስቴክ፣ ሳልመን፣ ሁለት ጠርሙስ ወይን።

ቢሉ በጥቁር የቆዳ ማኅደር ተዘግቶ መጣ። ቤቱ ደብዘዝ ያለ ስለሆነ በስልክ መብራት ነው ያነበብነው። የምግብና የመጠጡ 15,000፤ ሰርቪስ ቻርጅና ቫት ሲጨመር 18,975። ስቴክ የበላችው ናት ቀድማ «እንዳንጨናነቅ እኩል እንካፈል፣ ባለልደቷ ግን አትከፍልም» ያለችው። ለአምስት ሲካፈል 3,795። አንዷ በካርድ ከፈለች፣ እኛ 3,800፣ 3,800 በቴሌብር ላክንላት። የተረፈችውን 25 ብር ማኅደሩ ውስጥ አስቀምጣ ተነሣች። ቲፕ መሆኗ ነው! ያ ስለ ክሬሙ የነገረኝ ልጅ እዚያው ቆሟል። ወለሉ ቢከፈትልኝ እገባ ነበር።

ቤት ገብቼ ካልኩሌተር አወጣሁ። የበላሁት ከነቫቱ 1,176 ብር ነው። ደመወዝ ሊገባ ስድስት ቀን ይቀረው ነበር።

አሁን ሌላዋ እድገት አግኝታለች። ስቴኳ የቴሌግራም ግሩፓችን ላይ «የሚቀጥለው ዓርብ፣ እዛው» ብላ ጻፈች። አምስት ልብ ተደርድሮበታል፤ አንዱ የኔ ነው። ቆንቋና ሳልባል እንዴት ልናገር?

ትሪ ተሸካሚ፦
እህቴ፣ ሆቴል ውስጥ ሰባት ዓመት አስተናግጃለሁ። መጀመሪያ ሂሳቡን ላስረዳሽ። እንደዚህ ዓይነት ቤት ሜኑ ላይ የምታዪው ባዶ ዋጋ ነው፤ ከታች በደቃቅ ፊደል ጽፈውታል። 10 ፐርሰንት ሰርቪስ ቻርጅ ይጨመራል፣ ከዚያ በድምሩ ላይ 15 ፐርሰንት ቫት ይመጣል። ስለዚህ ጭማሪው 25 ሳይሆን 26.5 ነው። 1,000 ብር ያልሽው 1,265 ሆኖ ይመጣል።

«ቢል ለየብቻ» ማለት ደግሞ ነውር የለውም። ብቻ ስታዙ ንገሩን። ደረሰኙ ከማሽን ከወጣ በኋላ ማስተካከል ጣጣ ነው፤ ተቆጣጣሪ ይጠራል፣ ይፈረማል፣ እኛ መሃል ላይ ቆመን እንቀራለን። ስለ 25ቷ አትጨነቂ። ከ40,000 ብር በላይ ከፍሎ ሁለት ብር መልሱን የጠበቀ ሰው አስተናግጃለሁ።

ጉርሻ፦
ኧረ ባካችሁ! ለ2,600 ብር የግቢ ጓደኛ ላይ ካልኩሌተር ይወጣል? አንድ ትሪ ከበን ያደግን ሰዎች እኮ ነን። ማን ስንት ጎረሰ ብሎ የሚቆጥር አለ? ዛሬ አንቺ፣ ነገ እሷ። ደግሞ ድሮ የጠራ ነበር የሚከፍለው። «ልደቴ ነው» ብላ እጇን አጣጥፋ የተቀመጠችውን ለምን ማንም አይናገራትም?

ቆንቋናዋ፦
ጉርሻ፣ አንድ ትሪ ቢሆንማ መች እጠይቅ ነበር። ግቢ እያለን ሁለት ሽሮ ለስድስት እንበላ ነበር። ማን ይከፍል እንደነበር ዛሬ ብትጠይቀኝ አላስታውስም። እዚህ ግን ሳህኑ የየራሳችን፣ ቢሉ ብቻ የጋራ። ባለልደቷን ተዋት፤ ቦታውንም የመረጠችው እሷ አይደለችም።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦
እዚህ አሜሪካ ብዙ ጊዜ አስተናጋጁ ራሱ «አንድ ላይ ነው ለየብቻ?» ብሎ ይጠይቃል፣ ማንም አይቀየምም። የሐበሻ ቤት ስንገባ ግን ያው እኛው ነን። ባለፈው ሁለት ጎልማሶች ካርዳቸውን ዘርግተው «ሞቼ እገኛለሁ!» እየተባባሉ ሲታገሉ ካሸሯ እየሳቀች የቀረባትን ተቀበለች።

ያንቺ ነገር ግን ብሩ ብቻ አይመስለኝም። ዓርቡ ነው። ጾመኛ ጓደኛ እያላቸው ዓርብ ስቴክ ቤት ምን ይሠራሉ? ቀኑን አስቀይሪ፣ ግማሹ ይቀልልሻል።

ቆንቋናዋ፦
ጻፍኩ። ሦስቴ አጥፍቼ ነው። «ቅዳሜ ይሁን፣ ቢላችን ለየብቻ ይሁን፣ ኬኩን እኔ እችላለሁ።»

አንዷ ወዲያው በውስጥ መስመር መጣች። «ተመስገን! እኔ ያን ቀን ከእህቴ ተበድሬ ነው የላክሁት» አለችኝ። ወይኑን ስትቀዳልን ያመሸችው ናት።

ስቴኳ አንብባዋለች። «እየጻፈች ነው» ይላል፣ ይጠፋል፣ ደግሞ ይላል።