የኪራይ ገንዘብ "ውሃ በላው" ለምትሉን

ሰላም ለሁላችሁ፣

ባለፈው እሁድ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ክርስትና ተጠርተን ነበር። ገና እጃችንን ሳንታጠብ አንድ የማከብራቸው ጋሼ ያዙኝ። "አንተ፣ አሁንም ኪራይ ላይ ነህ?" አሉኝ። "አለሁ ጋሼ" አልኳቸው። "አስራ አንድ ዓመት ሙሉ የሰው ሞርጌጅ፣ የሰው የቤት ብድር ስትከፍል! ያ ሁሉ ገንዘብ ውሃ በላው እኮ።" አጠገባቸው የነበሩት ሁለት ሰዎች ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔም ሳቅ ብዬ ወደ እንጀራው አመራሁ።

ግን ነገሩ ከነከነኝ። ማታ ልጆቹ ሲተኙ ከባለቤቴ ጋር ወረቀት ይዘን ጠረጴዛ ላይ ተቀመጥን። አንድ ሎን ኦፊሰር (የቤት ብድር የሚያዘጋጅ ሰው) የሰጠን ግምት መሳቢያ ውስጥ ነበር። ጀርመንታውን ያለ ታውንሃውስ (ግድግዳው ከጎረቤት ጋር የተያያዘ ቤት) ነው። ሦስት መኝታ፣ ዋጋው 500,000 ዶላር። 5 ከመቶ ዳውን ፔይመንት (ቅድመ ክፍያ) እንከፍላለን፣ 475,000 እንበደራለን፣ ወለዱ 6.75 ከመቶ፣ ዘመኑ 30 ዓመት። ወርሃዊ ክፍያው 3,081 ዶላር ይመጣል።

አሁን ዘርዝሩት። ከመጀመሪያው ወር ክፍያ 2,672 ዶላሩ ወለድ ነው። ከዕዳው ላይ የሚቀነሰው 409 ዶላር ብቻ። በዚያ ላይ ፕሮፐርቲ ታክስ (የቤት ግብር) አለ፣ ኢንሹራንስ አለ፣ ኤችኦኤ (ለቤት ባለቤቶች ማኅበር የሚከፈል) አለ። 20 ከመቶ ስላልከፈልን ደግሞ ፒኤምአይ፣ ማለትም እኛ ከፍለን አበዳሪውን የሚጠብቅ ኢንሹራንስ፣ ይጨመርብናል። እነዚህ አንድ ላይ 900 ዶላር ገደማ። በወር ወደ 4,000 ይወጣል ማለት ነው። ከዚያ ውስጥ 3,500 ምናምኑ ሄደ ነው፣ አይመለስም። ኪራያችን 2,300 ነው። ባለቤቴ እርሳሷን አስቀመጠችና "እና ውሃ የበላው የትኛውን ነው?" አለችኝ።

ጋሼ የሚያወሩት እሳቸው ስላዩት ዘመን ነው፣ አልፈርድባቸውም። ሎናቸውን በአዲስ ወለድ ያሳደሱት በ2021 መጀመሪያ ነው። ያን ጃንዋሪ የ30 ዓመት ሞርጌጅ አማካይ ወለድ 2.65 ከመቶ ገብቶ ነበር፤ ፍሬዲ ማክ (የቤት ብድር ከአበዳሪዎች የሚገዛው ድርጅት) መመዝገብ ከጀመረ ጀምሮ እንደዚያ ወርዶ አያውቅም። ኦክቶበር 2023 ላይ 7.79 ደረሰ። ያንኑ 475,000 በ2.65 ብንበደር ወርሃዊው 1,914 ዶላር ይሆን ነበር። ያው ቤት፣ ያው ግድግዳ፣ በወር የ1,167 ዶላር ልዩነት። እንዲህ ያለ ሎን የያዘ ሰው ቤቱ ቢጠበው እንኳ አይሸጥም። ሸጦ በስንት ወለድ ሊገዛ? ወለዱ ሲወጣ ዋጋው ይወርዳል ብለን የጠበቅን ሁሉ አፋችንን ከፍተን የቀረነው አንዱ በዚህ ነው። ለሽያጭ የሚወጣ ቤት ጠፋ።

አትግዙ ማለቴ አይደለም። የሞርጌጅ ክፍያ በፊክስድ (በማይቀያየር ወለድ) ከያዛችሁት ባለበት ይቆያል፣ ኪራይ ግን በየዓመቱ ደብዳቤ ይልካል። ከዕዳው የሚቀነሰውም እየቆየ ይወፍራል። ጥያቄው ስንት ዓመት ትቀመጣላችሁ የሚለው ነው። በእኛው ስሌት ሦስት ዓመት ሙሉ ብንከፍል ከዕዳው የሚቀነሰው 16,000 ዶላር ገደማ ነው። ሥራ ተቀይሮ ወይ ቴክሳስ ያለው ወንድሜ ጎትቶኝ ብንሸጥ የደላላው ኮሚሽን ብቻ ያንን ጠራርጎ ይበላዋል። ሰባት ስምንት ዓመት አልንቀሳቀስም የሚል ሰው ይግዛ። "ለጊዜው ገዝቼ አያለሁ" የሚል ሰው ግን ቢቆይ ይሻለዋል፣ የኔ ሐሳብ ነው።

ሞንትጎመሪ ካውንቲ ለምንኖር ደግሞ በ2023 የወጣውን የኪራይ ሕግ አትርሱ። ከጁላይ 2024 ጀምሮ አከራይ በዓመት ከ6 ከመቶ በላይ መጨመር አይችልም፣ የኑሮ ውድነቱ ዝቅ ካለ ጣሪያውም ይወርዳል። 23 ዓመት ያልሞላው አዲስ ሕንፃ ግን አይገባበትም። ስለዚህ ስፖርት መሥሪያ ጂም ያለውን አዲሱን ሕንፃ ከመመኘታችሁ በፊት የተሠራበትን ዓመት ጠይቁ። ቨርጂኒያ ያላችሁ ይህ አይመለከታችሁም፣ እናንተን እግዜር ይሁናችሁ።

ለመግዛት የቆረጣችሁ ካላችሁ ከእኛ ሰፈር ስህተት ልንገራችሁ።

አንደኛው እቁብ ነው። እኔ ራሴ ዕጣ ወጥቶልኝ በጥሬው ባንክ አስገባሁ። በሳምንቱ ሎን ኦፊሰሩ "ይህ ገንዘብ ከየት መጣ?" አለኝ። እቁብ ምን እንደሆነ ለፈረንጅ በስልክ አስረዱ እስቲ! ሎተሪ ነው? አይደለም። ብድር ነው? አይደለም፣ ማለቴ፣ ትንሽ ነው። ብድር የሚለውን ሲሰማ ዝም አለ። ያን ጊዜ ነገሩ እዚያው ቆመ። ብዙውን ጊዜ የሚያዩት የሁለት ወር የባንክ ስቴትመንት ነው፣ ስለዚህ ቀደም ብላችሁ አስገቡ፣ ወረቀቱንም ያዙ። ደግሞ ከ10,000 ዶላር በላይ ጥሬ ገንዘብ ሲገባ ባንኩ ሪፖርት ያደርጋል። ያድርግ፣ ምንም ማለት አይደለም። ወንጀሉ ሪፖርቱን ለመሸሽ በ9,000 በ9,000 ከፋፍሎ ማስገባቱ ነው። "እንዲህ አድርግ" የሚል መካሪ ስንቱን ነው የሰማሁት።

ሁለተኛው የኡበርና የሊፍት ልጆች ነገር። አንድ ጓደኛዬ ዓመቱን ሙሉ ነድቶ 68,000 ዶላር አስገባ። ታክስ ሲሠራ ለሥራ የነዳውን 45,000 ማይል ከገቢው ላይ አስቀነሰ። በ2024 ሂሳብ ማይሉ 67 ሳንቲም ነበር፣ 30,150 ተቀነሰለት። ታክሱ ትንሽ ሆነ፣ ደስ አለው። ሎን ሊጠይቅ ሲሄድ ግን "ገቢህ 37,850 ነው" ተባለ። "እኔ እኮ 68,000 ነው የሠራሁት" ቢል ማን ሊሰማው። ጎበዝ ሎን ኦፊሰር ከማይሉ ውስጥ የመኪናውን እርጅና ድርሻ መልሶ ይደምርለታል፣ ሙሉውን ግን አይደለም። ለራሱ የሚሠራ ሰው ብዙ ጊዜ የሁለት ዓመት ታክስ ስለሚጠየቅ ዘንድሮ ማስተካከል የዘንድሮን ቤት አያስገዛም።

ሦስተኛው ቤዝመንት፣ ምድር ቤቱን ማከራየት። "ቤዝመንቱ ግማሹን ይከፍልልኛል" የማይል የለም። ጋሼም የከፈሉት እንደዚያ ነው። የሳቸውን ሞርጌጅ አዲስ የመጣን ልጆች ነበርን የከፈልንላቸው። ይህን ክርስትናው ላይ አልነገርኳቸውም። እኔም ስመጣ ሁለት ዓመት ሌላ ሰው ቤት ቤዝመንት ኖሬያለሁ። መስኮቴ ከሣሩ እኩል ነበር፣ ቅዳሜ ሣር ሲታጨድ መስታወቱ አረንጓዴ ይሆናል። ላይ ቤት ያሉት እትዬ ቡና ሲወቅጡ ጣሪያው በራሴ ላይ ይመታል። የማሞቂያው መቆጣጠሪያ ያለው ላይ ስለነበር ቤታቸው ሲሞቃቸው ይቀንሱታል፣ እኔ ካልሲ ላይ ካልሲ ደርቤ እተኛለሁ። ክፉ ሴት አልነበሩም፣ ሽሮ ያወርዱልኝ ነበር። ለማለት የፈለግኩት፣ ካውንቲው ለኪራይ ፈቃድ ይጠይቃል፣ መኝታ ቤቱም ሰው የሚወጣበት መስኮት ያስፈልገዋል። ብዙ ቤዝመንት ይህ የለውም። የተከራዩንም ገንዘብ ሎን ኦፊሰሩ አብዛኛውን ጊዜ አይቆጥርላችሁም። ያለ ተከራይ ስድስት ወር መክፈል ካልቻላችሁ ቤቱ ከአቅማችሁ በላይ ነው።

እኛ ዘንድሮ ሊዙን (የኪራይ ውላችንን) አድሰናል። በኪራዩና በቤቱ መካከል ያለውን 1,600 ዶላር ምናምን በየወሩ ለብቻ እያስቀመጥን ነው። ይህን የማታደርጉ ከሆነ ጋሼ ልክ ናቸው፣ በእውነት ውሃ ይበላዋል። መጀመሪያ ወር 1,600፣ ሁለተኛው ወር 1,600፣ ሦስተኛው ወር የእህቴ ሰርግ መጣና 200 ሆነ። ባለቤቴ በረንዳው ላይ በባልዲ የተከለችውን ጤና አዳም እያየች "መሬት ቢያገኝ ኖሮ" ትላለች። ምን እንደምትለኝ ይገባኛል።

አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ጀርመንታውን ወይ ጌይዘርስበርግ አካባቢ ታውንሃውስ የገዛችሁ፣ ኤችኦኤው ከገዛችሁ ወዲህ ስንት ጨመረባችሁ? ጣሪያው የማነው፣ የእናንተ ወይስ የማኅበሩ? እሱን ሳላውቅ ያን ወረቀት ከመሳቢያው ደግሜ አላወጣም።