ሬዲዮው ይሰማል፣ ስናገርበት ግን ይጠፋል

ሰላም ወገኖች። ባሕር ዳር ነኝ፤ ቅዳሜና እሑድ ቤተሰቤን ይዤ ወደ ዘጌ የምሻገርባት ትንሽ የፋይበር ጀልባ አለችኝ። ባለፈው ከሰዓት በኋላ ነፋስ ተነሥቶ ጣና ሲናወጥ ሞተሩ ጠፋብኝ፤ ስልኬም ኔትወርክ አልነበረውም። የልጆቼ ልቅሶ እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም። ስለዚህ ባለ 25 ዋት የቪኤችኤፍ (በጣም ከፍተኛ ድግግሞሽ ሞገድ) የጀልባ መነጋገሪያ ሬዲዮ አስገጠምኩ፤ ባለ 5 ዋቷን የእጅ ሬዲዮ ደግሞ ዳር ሆኖ ለሚጠብቀኝ ወንድሜ ሰጠሁት።

በ1 ዋት ስናገር ደህና ነው። ወደ 25 ዋት ቀይሬ የመናገሪያውን ቁልፍ ስጫን ግን መብራቱ ይደበዝዝና ሬዲዮው ይጠፋል። ቁልፉን እንደተጫንኩ ስለካው ባትሪው ላይ 12.3 ቮልት፣ ሬዲዮው ጀርባ ላይ 10.2 ብቻ ነው። የገጠመልኝ ባለሙያ ገመዱን የቀጠለው ከመብራቱ ቀጭን ሽቦ ነው፤ ከባትሪው እስከ መሪው 6 ሜትር ይሆናል። እሱ አንቴናው ነው ይላል፣ እኔ ሽቦውን ነው የምጠረጥረው።

ራሱን የቻለ ሽቦ ከባትሪው ልሳብ? ስንት ሚሊሜትር ካሬ ይበቃል? ፊውዙስ ባትሪው አጠገብ ይሁን? የቪኤችኤፍ ሞገድ እንደ ዓይን እይታ ቀጥ ብሎ ስለሚሄድ አንቴናውን ከጣሪያው በላይ ላቆመው አስቤያለሁ፤ ግን መጀመሪያ ይህ ይፈታልኝ። የሠራችሁት ካላችሁ እባካችሁ ንገሩኝ፤ እስከዚያ ልጆቹን ይዤ አልወጣም።