ሂጃብ፣ ሄልሜትና የሳይት ልብስ፦ ሁለት ነገር አላለቀልንም

ሰላም ለሁላችሁ። ተመርቀው ወደ ግንባታ ሳይት ለሚወጡ ሙስሊም ሴት አርክቴክቶች አጭር የአለባበስ መመሪያ እያዘጋጀን ነው። የባንግላዴሻዊቷ አርክቴክት የማሪና ታባሱም ሥራ የሆነው ባይት ኡር ሩፍ መስጂድ እ.ኤ.አ. በ2016 የአጋ ካን የሥነ ሕንፃ ሽልማት ማግኘቱን መጥቀስ ሞራል ይሰጣል፤ መሰላል ላይ ግን አያግዝም።

የተስማማንበት ይህ ነው፦ ቀጭን፣ የሚለጠጥ፣ ያልተደራረበ ሂጃብ፣ ጫፉ ወደ ኮሌታ የገባ። ስፒል የለም፤ ሄልሜቱ ሲመታ ወደ ጭንቅላት ይወጋል። የተደራረበ ጨርቅ ሄልሜቱን ከፍ ስለሚያደርገው ጎንበስ ሲሉ ይንሸራተታል።

ያልተፈታው አንዱ ፀጉር ነው። ማጅራት ላይ ከተጠቀለለ የሄልሜቱ የኋላ ማጥበቂያ ቦታውን ይስታል፤ አናት ላይ ከሆነ ሄልሜቱ አይወርድም። ሹሩባ ተሠርቶ ከልብሱ ሥር ወደ ጀርባ ቢለቀቅስ? የሞከራችሁት አለ?

ዋናው ራስ ምታት ግን ከከፍታ መውደቅን የሚከላከለው የሰውነት ማሰሪያ ነው። የጭን ቀበቶው በረጅም ቀሚስ ላይ ሲታሰር ጨርቁ ስለሚጨማደድ የጠበቀ ይመስላል፤ ጥቂት ደረጃ ሲወጡ ጨርቁ ይሸሽና ቀበቶው ይላላል። ስለዚህ ሱሪ ላይ፣ በጎንና በጎን እስከ ዳሌ የተቀደደ፣ ጉልበት የሚደርስ ቀሚስ መረጥን፤ ቀበቶው በቅዱ ገብቶ ሱሪው ላይ ይታሰራል። አሁን ደግሞ የፊተኛው ቁራጭ መሰላሉ ላይ ይጠመዳል። በምን ትይዙታላችሁ? በቁልፍ ወይስ በቬልክሮ? ልብሱን ማሳጠር እንደ መፍትሔ አይቅረብልን።

የሰላቱ ሰዓት አላስቸገረም፤ የውዱእ (ከሰላት በፊት የሚደረግ መታጠብ) ውሃና የሚቆለፍ ክፍል ግን የሳይት ቢሮው ሲታቀድ ካልተጠየቀ፣ በኋላ አይገኝም።