ሐዋሳ ላላችሁ ሰዓሊዎች፦ የትኛው ኤአይ፣ የትኛው ማተሚያ?

ሰሞኑን በውስጥ መስመር አንድ ዓይነት ጥያቄ በዝቶብኛል። «ደንበኛ እየሸሸ ነው፣ ኤአይ (ሰው ሠራሽ አስተውሎት) ልማር ወይስ ሥራ ልቀይር?» የሚል። እኔ ሥራ አልቀየርኩም፣ አሠራሬን ግን ቀይሬያለሁ። ከፍዬም በነጻም የሞከርኩትን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ግን ይቺን ስሙ። ባለፈው አንድ የካፌ ባለቤት ስልኩን ይዞ መጣ። «ይህንን ግድግዳዬ ላይ ሣልልኝ» አለኝ። ኤአይ ያወጣለት የአሞራ ገደል፣ የሐይቃችን ዳር ዓሣ ገበያ፣ ምስል ነው። ከሩቅ ያምራል። ጠጋ ብዬ ሳየው ዓሣ አጥማጁ የታቀፈው ሐይቃችን ውስጥ የሌለውን ሳልመን ነው። ጀበናዋ ሁለት አፍ አላት። የሴትየዋ ጥለት ወገቧ ጋ ሲደርስ ጭስ ሆኖ ጠፍቷል። ከላይ የተጻፈው ደግሞ ፊደል ይመስላል እንጂ ሀ ይሁን ለ አይታወቅም። አልሳቅኩበትም። «ጋሼ፣ ነገ ጠዋት አብረን እንሂድና እንየው» አልኩት። ሄድን። እሱ የዓሣ ሾርባውን ሲጠጣ እኔ ቆሮሶውን፣ አምባዛውን፣ ፍርፋሪ የሚጠብቀውን ትልቅ ወፍ አባ ኮዳን ነደፍኩ። ደብተሩን ሲያይ ቀብድ እዚያው ከፈለኝ። ስለዚህ ደንበኛ በስልክ ይዞት የሚመጣውን ምስል አትናቁት፣ በአፉ ሊነግራችሁ ያልቻለውን ያሳያችኋል።

ወደ ጥቆማው። ምስል ከሚያወጡት ኤአይዎች ሚድጆርኒ ብርሃንና ድባብ ላይ ጎበዝ ነው። ግን ትንሹ ክፍያ በወር 10 ዶላር ነው፣ ዶላር የሚከፍል ካርድ ከሌላችሁ ደግሞ ሰው ደጅ መጥናት አለ። ሁለት ወር ከፍዬ ተውኩት። ለሐሳብ ብቻ ከሆነ ቻትጂፒቲ ወይም ጀሚናይ በነጻ የሚሰጡት ይበቃል። የእርሳስ ንድፋችሁን በስልክ አንሱና «መስመሩን ሳትነካ ሦስት ዓይነት ቀለም አሳየኝ» በሉት። መስመሩን መንካቱ አይቀርም፣ ቢሆንም ቀለም ለመምረጥ ግማሽ ቀን ያተርፍላችኋል።

የኔ ምርጫ ክሪታ ነው። ክሪታ ነጻ የሥዕል ፕሮግራም ነው፣ ስቴብል ዲፊዩዥን የሚባለውን ምስል የሚያወጣ ኤአይ ውስጡ የሚያስገባ ተጨማሪም አለው። ስቴብል ዲፊዩዥን በ2022 (በፈረንጆቹ) ለሁሉም የተለቀቀ ነው፣ አንዴ ከወረደ በራሳችሁ ኮምፒውተር ላይ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ኮንትሮልኔት የሚባለውን ስትጨምሩበት ደግሞ የእናንተን መስመር ተከትሎ ይሄዳል፣ ማለትም ቅርጹ ከእጃችሁ እንደወጣ ይቆይና ጥላና ብርሃኑን እሱ ይሞክርላችኋል። ችግሩ ቢያንስ 6 ጊጋ ሜሞሪ ያለው ግራፊክስ ካርድ ይፈልጋል። እኛ ለሦስት አዋጥተን ያገለገለ ዴስክቶፕ ገዛን፣ በተራ እንጠቀማለን። መብራት የሄደ ቀን ሦስታችንም ወደ ወረቀት።

ደንበኛችሁ ትልቅ ድርጅት ከሆነና «ይሄ ነገር በማን ሥዕል ነው የተማረው?» ብሎ ከጠየቀ ፋየርፍላይ የሚባለውን የአዶቢ ኩባንያ ኤአይ ሞክሩ። አዶቢ ያሠለጠንኩት አዶቢ ስቶክ በሚባለው የራሱ የምስል መሸጫና የባለቤትነት ጊዜያቸው ባለፈ ሥራዎች ነው ይላል።

ፊደል ግን ለማንኛቸውም አትስጡ። በእጅ ጻፉ፣ ካልሆነ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ የሚባለውን የኮምፒውተር ፊደል (ፎንት) በነጻ አውርዳችሁ ለብቻው አስገቡ። በነገራችን ላይ አሁን በእጅ የተጻፈ ታፔላ የሚፈልግ ደንበኛ ከበፊቱ በዝቶልኛል።

ብዙዎቻችሁ የምትከስሩት ማተሚያ ላይ ነው። ኤአይ የሚያወጣው ምስል ብዙ ጊዜ ጎኑ 1024 ፒክስል አካባቢ ነው፣ በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) ሲታተም 9 ሴንቲ ሜትር አይሞላም። አንድ ሜትር ባነር ላይ ስትለጥጡት ፊቱ ሁሉ እንደ ጧፍ ይቀልጣል። አፕስኬይል የሚባል ነጻ ፕሮግራም ያሳድገዋል፣ ግን የሌለውን ከራሱ እየፈጠረ ነውና ዓይንና ጣት ላይ ጠብቁት። ቀለሙ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። አንዴ የሐይቁን ሰማያዊ ስክሪን ላይ አስውቤ ላክሁ፣ ከማተሚያ ቤቱ ወይን ጠጅ ሐይቅ መጣልኝ። በአርጂቢ፣ ማለትም በስክሪን ቀለም፣ የላክሁት እኔ ነኝ፣ ጥፋቱ የኔም ነው፣ ግን እነሱም አንድ ቃል ሳይተነፍሱ ሙሉውን አትመው ሒሳብ ተቀበሉ። አሁን ፋይሉን በሲኤምዋይኬ፣ ማለትም በማተሚያ ቀለም፣ አዘጋጃለሁ፣ መጀመሪያ በኤ4 ልክ ቁራጭ አሳትሜ ደጅ አውጥቼ በፀሐይ አየዋለሁ። ቁራጭ አላትምም የሚላችሁን ቤት እለፉት። ፍሌክስ ባነር ለማስታወቂያ ነው፣ ሳሎን ለሚሰቀል ሥዕል ሸራ ላይ የሚያትም ፈልጉና በላዩ በአክሪሊክ ሥሩበት። ሕትመት መሆኑን ለገዢው ንገሩት እንጂ።

ንድፎቻችሁን አትጣሉ፣ ቀን ጻፉባቸው። የኛው የቅጅ መብት አዋጅ 410/1996 የሥራ አመንጪ የሚለው በአእምሮው ሥራውን የፈጠረውን ሰው ነው። አሜሪካ ደግሞ በ2023 የቅጅ መብት ቢሮው በሚድጆርኒ የወጡ የአንድ ኮሚክ ምስሎችን አልመዘግብም ብሎ፣ ጽሑፉንና አደራደሩን ብቻ ለደራሲዋ መዝግቦላታል። እና ክርክር ከመጣ የሚያወጣችሁ ያቺ የቆሸሸች ወረቀት ናት።

ጨምሬያለሁ፦ «ሥዕሌን ስለጥፍ ኤአይ እንዳይማርበትስ?» ላላችሁ፣ ግሌዝ የሚባል የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ነጻ ፕሮግራም አለ። ለዓይን እምብዛም በማይታይ ለውጥ ኤአይው ስታይላችሁን እንዳይለይ ያደናግረዋል። ዘላለም ይከላከላል ብለው ሠሪዎቹም አይሉም፣ በደካማ ላፕቶፕ ደግሞ ቡና አፍልታችሁ ጠጥታችሁ ነው የሚጨርሰው። እኔ የምጠቀመው ለምወዳቸው ሥራዎች ብቻ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት 1 ሰዓት አሞራ ገደል ለንድፍ እንወጣለን፣ መምጣት የምትፈልጉ እርሳስና ደብተር ያዙ። ቦርሳችሁን ዝጉ፣ ጦጣዎቹ ላጲስ ሳይቀር ይወስዳሉ።