አጃንታን «ዋሻ» እንበለው?

— ሰላም ቤተሰብ፣ ስለ ህንዱ አጃንታ አንድ ጽሑፍ ወደ አማርኛ እየመለስኩ ነው፣ «የአጃንታ ዋሻዎች» ብዬ ጀመርኩና ቃሉ አልዋጥልህ አለኝ። ቪሃራ የሚባለውን የመነኮሳት መኖሪያና ቻይትያ የሚባለውን የጸሎት አዳራሽስ ምን ልበላቸው?

— እህቴ አለመዋጡ ልክ ነው። ዋሻ ሲባል ውሃ የቦረቦረው፣ እረኛ ዝናብ ሲመጣ የሚገባበት ነው ትዝ የሚለን። እዛ ግን ማሃራሽትራ ውስጥ የዋጎራ ወንዝ ጥምዝ ብሎ በሚያልፍበት ገደል ላይ ሰዎች ባዛልት የሚባለውን ጠንካራ ጥቁር አለት በመሮና በመዶሻ እየፈለፈሉ ወደ 30 የሚሆኑ የቡድሂስት አዳራሾችና መኖሪያዎች አውጥተዋል፣ የመጀመሪያዎቹ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ2ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ፣ አብዛኞቹ ደግሞ በ5ኛው ክፍለ ዘመን ከቫካታካ ሥርወ መንግሥት በሆነው በንጉሥ ሃሪሼና ጊዜ። ይሄን ሁሉ ድካም ዋሻ ማለት ባለሙያዎቹን መካድ ነው የሚመስለኝ። የላሊበላን «ውቅር» እንላለን አይደል፣ ወፍጮ ከመውቀር የመጣው ቃል ማለት ነው፣ እሱም ያስኬዳል። ግን ቤተ ጊዮርጊስ ዙሪያውን ከአለቱ ተላቆ የቆመ ነው፣ አጃንታ ከገደሉ ፊት ወደ ውስጥ የገባ ስለሆነ እኔ «ፍልፍል» እመርጣለሁ።

ቪሃራን «ገዳም» በዪው፣ መሀል አዳራሽ፣ ዙሪያውን የመነኮሳቱ ማደሪያ ክፍሎች። የህንዱ የቢሃር ግዛት ስምም ከዚሁ ቃል ነው። ቻይትያን ግን እንዳለ ተይው፣ ምክንያቱም ጫፉ ላይ ምእመኑ የሚዞረው ስቱፓ የሚባል ጉልላት መሰል ቅዱስ ግንብ አለ፣ «ቤተ መቅደስ» ብትዪ እሱ ይጠፋል። ደሞ ፍልፍሎቹ በቁጥር ነው የሚጠሩት፣ 19ኛውና 26ኛው ቻይትያ ጣሪያ ላይ የእንጨት ማገር የሚመስል ነገር ድንጋዩ ላይ ቀርጸዋል፣ ምንም የሚሸከመው ነገር ሳይኖር፣ የድሮውን የእንጨት አዳራሽ መልክ ላለመተው ብለው ነው፣ በጣም ነው የምወደው!

— እኔ ስለ ሥዕሉ ልጨምር፣ እባክሽ «ፍሬስኮ» ብለሽ እንዳታልፊው። ፍሬስኮ እርጥብ ኖራ ላይ የሚሳል ነው፣ የአጃንታው ግን ጭቃውን ከሩዝ ገለባና ከእፅዋት ቃጫ ጋር አቡክተው ግድግዳውን መርገው፣ ላዩን ኖራ ቀብተው፣ ከደረቀ በኋላ ነው የሳሉት። «በደረቅ ምርጊት ላይ የተሳለ» ብትዪ ማንም ይገባዋል። ቀዩና ቢጫው ከአፈር፣ ጥቁሩ ከጥላሸት፣ ሰማያዊው ላጲስ ላዙሊ ከሚባለው ድንጋይ ነው። 1ኛው ፍልፍል ውስጥ ያለውን ዝነኛውን የፓድማፓኒን፣ የቡድሂስቶቹን ቅዱስ፣ ሥዕል ደግሞ ስሙን አስቀምጠሽ «ሎተስ በእጁ የያዘው» ብለሽ ፍችውን አጠገቡ ጻፊው፣ ፓድማ ሎተስ ነው፣ ፓኒ እጅ።