ኩላሊቷን የታመመችና ስኳር ያለባትን አሮጊት ድመት ምን እንመግባት?

ጥያቄ (ከአዲስ አበባ)

ድመታችን ሚሚ 15 ዓመት ሞልቷታል። ስኳር እንዳለባት ከታወቀ ወዲህ ጠዋትና ማታ ኢንሱሊን እንወጋታለን፤ በቅርቡ በተደረገላት የደምና የሽንት ምርመራ ደግሞ ኩላሊቷ እየደከመ መሆኑ ተነገረን። ድዷም ስለሚያማት፣ ጠንከር ያለ ነገር ስትነክስ አንገቷን ወደ ጎን ታዘነብልና ቁራሹን ከአፏ ትጥለዋለች። ግራ ያጋባን የሚሰጠን ምክር እርስ በርሱ መጋጨቱ ነው፤ ለስኳሯ ሥጋ አብዙላት ይሉናል፣ ለኩላሊቷ ደግሞ ሥጋ ቀንሱላት ይሉናል። እስካሁን የምትበላው ከሉካንዳ የምናመጣላትን ጉበትና ሳንባ፣ ጥቂት ወተትና አንዳንዴም በወጥ የራሰ እንጀራ ነው። ለኩላሊት ሕመም ተብሎ የሚዘጋጀውን የታሸገ ምግብ በቋሚነት ማግኘት አልቻልንም። በዚያ ላይ ዐቢይ ጾም እየመጣ ነው፤ እናቴ ደግሞ በጾም ሥጋ በቤት እንዲበስል አትፈልግም። የትኛውን ሕመም አስቀድመን ምን ብናበላት ይሻላል?

መልስ (የእንስሳት ሐኪም፣ ከቢሾፍቱ)

ከሁሉ የሚቀድመው መብላቷ ነው። ድመት ሁለት ሦስት ቀን ምግብ ሳትቀምስ ከቆየች የሰውነቷ ስብ በጉበቷ ውስጥ ይከማችና ሕይወቷን ለአደጋ የሚያጋልጥ የጉበት ሕመም ሊከተል ይችላል፤ ኢንሱሊን የምትወስድ ከሆነማ አንድ ቀን እንኳ መጠበቅ አይገባም።

ምክሩ የተጋጨ የሚመስለው ሥጋ ሁሉ እንደ አንድ ስለሚታይ ነው። ኩላሊቷ በደከመ ድመት ላይ ሕመሙን ከሚያባብሱት ነገሮች ዋነኛው ፎስፎረስ የተባለው ማዕድን ሲሆን፣ መጠኑም በ100 ግራም ቀይ ሥጋ ውስጥ 200 ሚሊግራም ገደማ፣ በጉበት ውስጥ ወደ 390 ሚሊግራም የሚጠጋ፣ በእንቁላል ነጭ ውስጥ ግን 15 ሚሊግራም ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ጉበቱን ሽታው እንዲስባት ያህል በጣም ትንሽ አድርጋችሁ፣ ከሥጋው ጋር በደንብ የበሰለ የእንቁላል ነጭ ብትቀላቅሉላት ስኳሯን ሳታስነሡ የፎስፎረሱን መጠን ትቀንሳላችሁ። አጥንት፣ የእንቁላል አስኳልና ወተት ይቅሩባት። በወጥ የራሰውን እንጀራ ግን ከዛሬ ጀምሮ አቁሙ፤ ስኳሯን ከመጨመሩም በላይ ቀይና ነጭ ሽንኩርት የድመትን ቀይ የደም ሴሎች ይሰብራሉ፣ ቢበስሉም ጉዳታቸው አይቀርም።

ኢንሱሊኑን መብላቷን አይታችሁ ውጓት። ካልበላች የተለመደውን መጠን ከመስጠታችሁ በፊት ለሐኪሟ ደውሉ። ከመርፌው በኋላ ብትንቀጠቀጥ ወይም እግሯ ቢተሳሰር ስኳሯ ወርዷል ማለት ነውና፣ በጣታችሁ ጫፍ ማር ድዷን ቀብታችሁ ወዲያው ወደ ሕክምና ውሰዷት።

መልስ (ኩላሊቷን የታመመች ድመት ያላት አባል፣ ከአዲስ አበባ)

እህቴ፣ የጾሙ ጉዳይ እኛንም በየዓመቱ ያሳስበናል። ብዙዎቹ ሥጋ ቤቶች ስለሚዘጉ ከቅበላ በፊት ሥጋውን ቀቅዬ፣ ያለ ጨውና ያለ ቅመም አድቅቄ፣ ለአንድ ጊዜ የሚበቃውን በትንንሽ ላስቲክ ቋጥሬ ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጣለሁ፤ በጾሙ ወቅት ማሞቅ ብቻ ነው የሚቀረኝ። ለእናትዎ በትሕትና ቢያስረዷቸው መልካም ነው፤ ድመት ሥጋ በል ፍጥረት ናትና በሽሮና በአትክልት መኖር አይቻላትም።

ድዷ ስለሚያማት ሥጋው እንደ ገንፎ እስኪለሰልስ ድረስ መድቀቅ አለበት። ለብ ያለ ውሃ ጨምረው ሲያቀርቡላት ሽታው ይነሣል፣ ውሃም ትጠጣለች፤ ኩላሊቷ ውሃ መያዝ ስላቃተው ይህ ትልቅ ነገር ነው። የውሃ ሳህኗን ከምግቧ አርቀው ሁለት ሦስት ቦታ ቢያስቀምጡም ይረዳታል።

መልስ (ከሜሪላንድ)

ለኩላሊት የሚሆነው የሮያል ካኒን ወይም የሂልስ ኩባንያ የታሸገ ምግብ እዚህም ያለ ሐኪም ትዕዛዝ አይሸጥም፤ ለመንገደኛም ይከብዳል። ዘመድ የሚመጣ ከሆነ ይበልጥ የሚጠቅማችሁ ቶሪን ይመስለኛል፤ ይህም በሥጋ ውስጥ የሚገኝ፣ ለድመት የግድ የሚያስፈልግ ንጥረ ነገር ነው። ያለ ትዕዛዝ ይሸጣል፣ ከሻንጣም ቦታ አይወስድም። ድመት ቶሪን ካነሳት ዓይኗና ልቧ ይጎዳሉ፤ ሥጋ ሲቀቀል ደግሞ ከፊሉ ወደ ውሃው ይወጣል።

ጠያቂዋ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እንግዲያው የተቀቀለበትን ውሃ እንስጣት ወይስ እንድፋው? የእንቁላል ቅርፊት ፈጭታችሁ ጨምሩላት የሚሉንም አሉ።

መልስ (የእንስሳት ሐኪም፣ ከቢሾፍቱ)

ቶሪኑ እስኪመጣ ድረስ በትንሽ ውሃ ቀቅላችሁ መረቁን አብራችሁ ስጧት፤ ከደረሰ በኋላ ግን ፎስፎረሱም ከፊሉ ወደ ውሃው ስለሚወጣ መረቁን ድፉት። ቅርፊቱን በተመለከተ የሚሏችሁ እውነት አላቸው፤ ሥጋ ብቻ የምትበላ ድመት ካልሲየም ያንሳታል፣ ቅርፊቱም ፎስፎረሱን በአንጀቷ ውስጥ ይይዘዋል። ሆኖም በደሟ ያለው ካልሲየም ሳይለካ መጠኑን መወሰን አይቻልም፤ የቶሪኑም መጠን እንዲሁ በሐኪሟ ይወሰን። ምግቧን ስትለውጡ አዲሱን ከለመደችው ጋር ቀላቅላችሁ ቀስ በቀስ አብዙላት፤ ስኳሯ ሊወርድና የኢንሱሊኑ መጠን መቀነስ ሊያስፈልገው ስለሚችል ለውጡን ከመጀመራችሁ በፊት ሐኪሟ ይወቅ። ድዷንም አሳዩአት፤ ሕመሙ ከታገሠላት የምግብ ፍላጎቷ ራሱ ሊሻሻል ይችላል። በየሳምንቱ መዝኗት፤ ክብደቷ ተከታትሎ ከቀነሰ ቀጠሮዋን ሳትጠብቁ አምጧት።